ባሌ ሳሎን ይተኛል

ሰኞ

ምላሴ አብጦ አፌ ውስጥ አልገባ ብሏል። ዛሬ ወደቅሁ። ስፌት ማሽኑ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሲቀላ ገበያ መሃል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ።

የማስታውሰው የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ እንደነበር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የክብሪት ሽታ ነው። እንደ ልማዳቸው ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ይዘውልኛል፤ የላይኛው ከንፈሬን ትንሽ ለብልቦታል። ከጎኔ የምትሰፋው ብርቄ ቀሚሴን ወደ ታች ጎትታ እግሬን ሸፍናልኛለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ሌላው ራቅ ብሎ ቆሟል። ለሃጬ እንዳይነካው ነው፤ የሚጥል በሽታ በለሃጭ ይጋባል ይላሉ። አንድ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰውዬ ጨርቁን ጠቅልሎ ሲሄድ አይቻለሁ። ያን እንኳ ሳላይ ብነቃ ምን ነበረበት።

የደረሰብኝ፦ ምላስ፣ ግራ ጉልበት፣ ከንፈር። ቀሚሴም ረጥቦ ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው፣ እዚህ ማን ያየኛል። መርፌው ግን ጣቴን አልነካውም። ከዛሬ ውስጥ ድል የምለው ይህንን ብቻ ነው።

የሚመጣው ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ዶክተሯ ባለፈው «እስከዚያ ከመጣብሽ ወደ ድሮው መድኃኒት ስለመመለስ እንነጋገራለን» ብላኛለች። የድሮውን ስውጥ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቅሁም። ግን ጽንስ ይጎዳል። ልጅ እንፈልጋለን ስላልን ከገና በኋላ ቀስ በቀስ በአዲስ ተቀየረልኝ፤ መውደቁም ከዚያ ወዲህ ተመለሰ። ስለዚህ ወደ ድሮው መመለስ ማለት ልጁን መተው ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ባሌ ታደለ ሥራውን ጥሎ መጣ። የቤት መብራት ነው የሚዘረጋው፤ ፀጉሩ ላይ የግድግዳ አቧራ እንዳለ ነበር የደረሰው። በባጃጅ ወሰደኝ፣ እግሬን ለብ ባለ ውሃ አጠበኝ፣ አቮካዶ ፈጭቶ በማንኪያ አበላኝ። ከዚህ የተሻለ ባል ከየት ይመጣል። ከዚያ ፍራሹን ሳሎን አነጠፈና «እንድታርፊ ብዬ ነው ምሕሬ» አለኝ።

ሁልጊዜ እንዳርፍ ብሎ ነው። ከየካቲት ጀምሮ እያረፍኩ ነው።

ማክሰኞ

ሰውነቴ ተወቅጦ ያደረ ይመስላል። ሥራ አልሄድኩም። ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ የሽፈራው ቅጠል ስቀነጥብ ዋልኩ። የሚያበስሉት የታደለ እናት እማማ ዘርፌ ናቸው፤ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። እኔ እሳት አጠገብ እንዳልደርስ ከተፈረደብኝ ቆይቷል። ቢላዋም ተከልክያለሁ። ብቻዬን ውሃ መቅዳትም። ቅጠል መቀንጠብ ግን እስካሁን ማንንም አላስፈራም።

ልጅ ያልወለድኩበት ምክንያት፣ እስከዛሬ ከሰማሁት፦

– የመድኃኒቱ ብዛት ማህፀኔን አድርቆታል (ብርቄ)
– በሽታው ደሜን አበላሽቶታል (ጎረቤት፣ አጥር ላይ ተደግፋ)
– ማሽን መርገጥ ነው (እናቴ፣ ከሶዶ በስልክ)
– እምነቴ ጎዶሎ ነው (የጸሎት እህቶች፣ በፍቅር)
– ጎሜ ነው (እማማ ዘርፌ፣ ግን ቃሉን አይጠሩትም)

ሌላ አንድ አለ፣ ማንም የማያውቀው። ልጅ እንዲመጣ ባልና ሚስት አብረው መተኛት አለባቸው። እኛ አንተኛም። ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

እዚህ አገር ጎሜ የሚሉት፣ ሰው የማይደረግ ነገር አድርጎ ሲደብቀው ቤቱ ላይ የሚመጣውን ጣጣ ነው። ከብት ይሞታል፣ ሰው ይታመማል፣ ሴት ትመክናለች። መፍትሔው ሽማግሌ ፊት፣ እርጥብ ሳር ላይ ተቀምጦ የደበቁትን መናገር ነው። እማማ ዘርፌ ወንጌል ከተቀበሉ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ በሴቶች ጸሎት የሚቀድማቸው የለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር «የድሮ ነው» ብለው ነው የሚያልፉት። ዛሬ ግን የበቆሎውን ድብልብል ከድስት እያወጡ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «መናዘዝን እኮ መጽሐፉም ያዛል ልጄ» አሉ። ገባኝ። ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ መንደር ደወሉ። የሟቹ ባላቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ዶያ አርብ ከተራራው ይወርዳሉ።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ሁላችንም እንናገራለን» አሉኝ ፊቴን አይተው። ክፋት የለባቸውም። የልጅ ልጅ ማየት ነው የፈለጉት። እኔም የፈለግኩት እሱኑ ነው።

ረቡዕ

ከዛሬ እስከ ቅዳሜ ያሉት የሚፀነስባቸው ቀኖች ናቸው። ነርሷ አስተምራኛለች፤ አሁን ሰውነቴን አይቼ ራሴ አውቃቸዋለሁ። በየወሩ ይመጣሉ። በየወሩ ሳሎን ያለውን ፍራሽ አልፈው ይሄዳሉ። ፎሊክ አሲድ የሚሏትን ክኒን ደግሞ በየጠዋቱ እውጣለሁ፤ ለሚፀነሰው ልጅ ነው አሉ። ለየትኛው ልጅ እንደሆነ እንጃ።

የካቲት ላይ የሆነውን ጽፌው አላውቅም። ልጻፈውና ይውጣልኝ። መድኃኒቱ እየተቀየረ ሳለ ነበር። ታደለና እኔ እንደ ባልና ሚስት አብረን ሳለን፣ በዚያው መሃል፣ መጣብኝ። እኔ የማውቀው ስነቃ ያለውን ነው። ቤቱ ጨልሟል፣ እማማ ዘርፌ ሻማ ይዘዋል፣ እኔ በጋቢ ተጠቅልያለሁ። ታደለ አልነበረም። በረንዳ ላይ በውስጥ ሱሪው ቁጭ ብሎ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር አሉኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እዚህ መብራት ቢጠፋ ማን ይጠይቃል፣ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ያነሳኛል፣ ያጥበኛል፣ ያጎርሰኛል። እንደ ሚስት ግን አልነካኝም። ዶክተሯ «እየሞከራችሁ ነው?» ስትለው «ደህና ነን» ይላል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ዛሬ ፀጉሬን ተሠራሁ። የሠርጋችን ጊዜ የገዛልኝን ሽቶ ተቀባሁ፤ ጠርሙሱ ሥር የቀረች ነበረች። ከእራት በኋላ እጁን ያዝኩና «ታዴ፣ በዚህ ሳምንት ካልሆነ ሰኞ ያቆሙናል» አልኩት። «ዶክተሯ የምትለውን እንስማ መጀመሪያ» አለ። እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ፤ የተኛ ሕፃን ሥር ያለ እጅ ነበር የሚመስለው።

ያኔ ተናደድኩ። የምወድቀው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የድሮ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ሰው ሆኜ መኖር እችል ነበር። ገበያ መሃል ቀሚሴን ያረጠብኩት ለልጅ ብዬ ነው፤ ልጁን ደግሞ የሚሠራ የለም! ይህንን ሁሉ አልኩት። አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ መናደድ እንኳ አልችልም፤ ንዴቴንም ይቀማኛል።

ሐሙስ

ሥራ ገባሁ። ማሽኔ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ባለ ሱቋ «ለአንቺው ብዬ ነው የኔ እህት» ብላ ቁልፍ መትከል ላይ አደረገችኝ። ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ ነው የሚያደርገው። ብርቄ «ማዕረግ ጨመሩልሽ በይ፤ ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ ማዘዝ ነው» ብላ አሳቀችኝ፤ ምላሴ ግን ሳቅ አልቻለም።

ደስ ያለኝ ነገርም አለ። አዲሱ መድኃኒት ሊያልቅብኝ ነበር፣ እዚህ ያሉት መድኃኒት ቤቶች የላቸውም። የብርቄ ወንድም የሙዝ መኪና ነው የሚነዳው፤ አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ ይዞልኝ መጣ። ኪሴ ውስጥ ሳደርገው ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

ብርቄ ክር እየበጠሰች «ባልሽ ግን እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ባልማ መከራ ነው። ምን ብለሽ ትከስሺዋለሽ?»

ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። የእኔ መውደቅ የገበያው ወሬ ሆኗል፤ የእሱ መራቅ እንኳ የቤት ውስጥ ይሁን።

ነገ ጋሽ ዶያ ይመጣሉ። ታደለ ሳር ላይ ከተቀመጠ የግድ ይናገራል ብዬ አስባለሁ። ዶክተሯን ይዋሻል፣ እናቱን ይዋሻል፣ የአባቱን ወንድም ግን መዋሸት አይችልም። ሽማግሌ የምጠብቅበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እየጠበቅኩ ነው።

አርብ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ጋሽ ዶያ አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ረፋዱ ላይ ደረሱ። እማማ ዘርፌ ከኩልፎ ወንዝ ዳር እርጥብ ሳር አስመጥተው ማንጎው ሥር ጎዝጉዘው ነበር። ጎረቤት በአጥሩ በኩል «ምን አለ ዛሬ?» ስትል «የቤተሰብ ጸሎት» አሏት። ውሸትም አይደለም።

ጋሽ ዶያ ሸማኔ ናቸው። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ራሳቸው የሸመኑትን ጋቢ የለበሱ ሰው። የሚናገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ የወላይታ ልጅ ብሆንም እሰማዋለሁ። «እዚህ ሳር ላይ እውነት ብቻ ነው የሚነገረው። እዚህ ተቀምጦ የዋሸ እሱ ራሱ ጎሜ ሠራ» አሉ። ማንም እንዲጀምር አልገፉም።

እማማ ዘርፌ ጀመሩ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ «ምራቴን ጌታ ፈውሷታል ብዬ በጉባኤ ፊት መስክሬአለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ስላልወደቀች። መድኃኒት እንደምትውጥ እያወቅሁ። እልልታው ደስ ብሎኝ ነው።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንጀቴን በሉት። እኔ በዚያ ምስክርነት ምክንያት ስንት ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ።

ተራው የታደለ ሆነ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተወጥሮ ይታየኝ ነበር። ጋሽ ዶያ ጠበቁት። ዶሮ በመሃላችን አለፈች። ኋላ «በእኔ በኩል ምንም የለም» አለ።

ምንም የለም!

ጋሽ ዶያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ነኝ የምመልሰው። መውለድ ፈርቼ ነው። ከየካቲት ጀምሮ አብረን አልተኛንም።»

አሁን ሳስበው እሱን ልሸፍን ብዬ አልነበረም። እንዲያቋርጠኝ ብዬ ነበር። ቀስ እያልኩ፣ በየመሃሉ እየተነፈስኩ ነው የተናገርኩት፤ «ውሸቷን ነው» የሚልበትን ክፍተት እየተውኩለት። አላለም። ቁጭ ብሎ ሳር ይነጫል።

ሽማግሌዎቹ ከልባቸው ተነፈሱ። ነገሩ ተገኘ። ጋሽ ዶያ ከሳሩ ቆንጥረው ራሴ ላይ አደረጉና መረቁኝ። ይቆጡኛል ብዬ የፈራሁትን ያህል አልተቆጡም፤ «ተናግረሻል፣ ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ባልሽን አትመልሺው» አሉ። ታደለንም «ወደ ቤትህ ግባ» አሉት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። እማማ ዘርፌ ለሁሉም «ብላ፣ ብሉ» ሲሉ የእኔን ሳህን አጠገቤ አስቀምጠው ዝም ብለው አለፉ።

ለሌለ ጎሜ መድኃኒት ስንፈልግ አዲስ ጎሜ ሠራሁ ማለት ነው። ወንጌል የሚያምን ሰው እንዲህ ያለውን አይፈራም ይባላል። እኔ ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ

ትናንት በሽማግሌ ትእዛዝ ባሌ መኝታ ቤት ገባ። ከነሱሪው፣ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተጋደመ። ዞር ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እንደተገለጠ ነው። የሚያየኝ እንደ ሚስት አይደለም፤ ሊፈነዳ ያለ ነገር የሚያይ ሰው ነው የሚመስለው።

ጠዋት እማማ ዘርፌ በር ላይ ጠበቁኝ። «እኔ ያን ሁሉ የጾምኩት ልጄ በር እየተዘጋበት ነው?» አሉኝ። ታደለ ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ሰምቷል፤ ውሃውን ሳይዘጋ ቆሞ ቀረ።

እሳቸው ወደ ገበያ ሲወጡ እዚያው ቧንቧ ጋ ሄድኩ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?» አለኝ።

«አንተ ለምን ዝም አልክ?»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከተናገረው ያስታወስኩትን ልጻፍ። ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተማረው፣ ሰው ሽቦ ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንደማይነካ ነው። ቆጣሪው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። አብረውት ይሠሩ ከነበሩ ልጆች አንዱን ሽቦ ይዞት፣ ሊያላቅቀው የሮጠው ጓደኛው ነው የሞተው። እሱ ቆሞ አይቷል። እኔ ከሥሩ ስንቀጠቀጥ ጭንቅላቱ ያንን ነው ያየው። ሽቦውን ራሱ ያስያዘኝ መሰለው።

«ሮጬ ወጥቼ ቆጣሪውን አጠፋሁት» አለኝ።

ለካስ ያን ቀን መብራት የጠፋው በእሱ ነው። ሳቄ መጣ። ራቁቱን ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰው በጓሮ ዞሮ ቆጣሪ ሲያጠፋ ታየኝና ሳቅሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። እሱ አልሳቀም።

«አጠፋሁት፣ አንቺ ግን አልቆምሽም» አለ።

እነዚያን ወራት ሁሉ እንደ ሚስት አስጠላሁት ብዬ ነበር የማስበው። በሽታዬ ገማው፣ ለሃጬ ገማው፣ ሽንቴ ገማው ብዬ። እሱ ደግሞ እንዳይገድለኝ ነበር የሚተኛው ሳሎን። ይህንን ማወቄ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። የተጠላ ሰው ይታረቃል። ይህ በምን ይድናል?

እሁድ

ቀኖቹ አለፉ።

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እማማ ዘርፌ ብቻቸውን ሄዱ፤ «ነይ» አላሉኝም። ጋሽ ዶያ ትናንት ማታ ደውለው «ልጅቷ እንዴት ናት» ብለው ጠይቀዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ይብስብኛል።

ታደለ ጣራ ላይ ወጥቶ የማይፈስ ቆርቆሮ ሲጠግን ዋለ። እኔ ስለ ነገ አሰብኩ። ራሴ «የድሮውን ስጪኝ» ልበላት ይሆን? መውደቁ ይቆማል። ማሽኔን ይመልሱልኛል። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋሁ አረጃለሁ። ይህን ያህል መጥፎ አይደለም እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተናገርኩ። ሽፈራው እየቀነጠብኩ ነበር፤ ቅጠሉ አልቆ ባዶ ዘንግ ስቀነጥብ ራሴን አገኘሁት።

ሰኞ

ሐኪም ቤት ሄደን ተመለስን። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዶክተሯ መውደቄን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «እየሞከራችሁ ነው?» አለች፣ እንደ ልማዷ። እኔ ራሴን ልነቀንቅ ስል ታደለ «አይደለም» አለ። «ከየካቲት ጀምሮ አልነካኋትም። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።» የሽቦውን ነገር፣ የጓደኛውን ነገር፣ ቆጣሪውን፣ ሁሉንም ነገራት። ወደ ጫማው እያየ ነው የተናገረው።

አልሳቀችም። በሽታው አብሮ በመተኛት የሚመጣ እንዳልሆነ፣ ያን ቀን ምናልባት የመድኃኒቱ መቀያየር እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ወንበሩን ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ አንሶላ ዘረጋችና «ተኚ» አለችኝ። «አሁን ተንቀጥቀጪ።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ታዝዤ አላውቅም። ተንቀጠቀጥኩ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፣ ኋላ ግን ፊቱን አየሁና ሳቄ ጠፋ። ከላዬ ቆሟል፤ ሁለት እጁ አየር ላይ ነው፤ አይወርድም። ግንባሩ አልቦታል።

«ንካት» አለች ዶክተሯ። «ሽቦ የለም። ንካት።»

ነካኝ። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ፣ አንዱን ዳሌዬ ላይ አድርጎ ወደ ጎኔ አዞረኝ። ጋቢውን አጣጥፎ ራሴ ሥር አደረገ። አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ክብሪት አይጫርም፣ እስኪያልፍ አብሮ መቆየት ነው አለችው። ደግማ አሠራችው። በሦስተኛው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሳልንቀጠቀጥ ስንት ጊዜ አጥቦኛል፣ አጉርሶኛል፤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ በውሸትም ቢሆን፣ ሲነካኝ ያየሁት ዛሬ ነው። ልነሳ አልፈለግኩም።

ከዚያ ቁጭ ብለን ዋናውን ሰማን። ወደ ድሮው አልመለሰችኝም። የአዲሱን መጠን ጨመረችልኝ። ግን እስኪረጋ ድረስ እንዳላረግዝ ነገረችን፤ እርጉዝ ሆኜ ብወድቅ ለእኔም ለልጁም አደጋ ነው። ወራት ይወስዳል። ካልረጋ ያኔ ወደ ድሮው እንመለሳለን፣ ስለ ልጅ ማሰቡንም እንተወዋለን። «እስከዚያ በዚህ ተጠቀሙ» ብላ በጥቁር ፌስታል ኮንዶም ሰጠችን።

ባሌ የነካኝ ቀን፣ ልጅ እንዳንሞክር የተነገረን ቀን ሆነ። ባጃጅ ውስጥ ይህንን አስቤ ልናገረው ፈለግኩ፣ ግን ፌስታሉን በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ሲያየው ተውኩት። ይረጋል ብዬ አላምንም። የረጋልኝ ነገር የለም እስካሁን። ዕድሜዬም እየሄደ ነው።

ግቢ ስንገባ እማማ ዘርፌ ማንጎው ሥር ነበሩ። ሳሩ ደርቆ እዚያው አለ፤ አልጠረጉትም። ከቅዳሜ ጠዋት ወዲህ ቀና ብለው ሲያዩኝ የመጀመሪያው ነው።

«ምን ሰጧችሁ?» አሉ ፌስታሉን አይተው።

እኔ «ቫይታሚን» ልል ነበር። አፌ ለውሸት ቀሏል ሰሞኑን። ታደለ ቀደመኝ። «እናቴ፣ ነይ ግቢ፣ ሳሎን ቁጭ እንበል» አላቸው። ለእኔ «አንቺ ግቢና ጋደም በይ» አለኝ። እንዳርፍ ብሎ እንዳልሆነ ገባኝ።

አሁን አልጋው ላይ ነኝ። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ቃል አያሳልፍም፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ብዙ እየተናገረ ነው። እማማ ዘርፌ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለቅሶ ይሁን ቁጣ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ወደ ግድግዳው በኩል ጠጋ ብዬ የሚተኛበትን ቦታ ለቅቄለታለሁ።